የባህር ዳርቻ ወፎችን ለመጠበቅ በጎ ፈቃደኛ መሆን ለምትፈልጉ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ቤይ ብሪጅን ተሻግረን ወደ ዴላዌር ባህር ዳርቻ መውረድ ከጀመርን ብዙ ጊዜ ሆነን። እንደ አብዛኛው የዲሲ አካባቢ ሐበሻ እኔም የማውቀው ውሃውን፣ አሸዋውንና ከቤት ተቋጥሮ የሚመጣውን ምሳ ነበር። እዚያው የምንተኛበት አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥል ወፍ መኖሩን የሚነግረኝ አልነበረም። አሁን በየበጋው ጥቂት ቅዳሜዎችን እዚያው ዴላዌር፣ ኬፕ ሄንሎፐን በሚባለው ፓርክ የእነዚህን ወፎች ጎጆ እየጠበቅሁ አሳልፋለሁ። "እንዴት ነው የሚገባው? ምንድን ነው የሚሠራው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ከምዝገባው እስከ መጨረሻው ቀን ያለውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ወፍ መመልከት ይመስላል። ሲገባበት ግን አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ከሰው ጋር በመነጋገር ነው። ሰውን በወጉ ሰላም ማለት የሚያውቅ ሰው የሥራውን ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ወፉን ማወቅ

በዚህ ዳርቻ ዋናው ባለጉዳይ ፓይፒንግ ፕሎቨር ይባላል። ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ርዝመቱ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ60 ግራም እምብዛም የማያልፍ ነው። ጀርባው ልክ የደረቅ አሸዋ ቀለም አለው። አንገቱ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት አለ፤ እግሩ ብርቱካናማ ነው። ሮጥ ይላል፣ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ አንዴ ለቀም ያደርጋል፣ ደግሞ ይሮጣል። የቆመ ጊዜ ዓይናችሁ ስር ሆኖ ይጠፋችኋል።

ጎጆውም ጎጆ አይመስልም። ወፉ በደረቱ ተጭኖ በእግሩ ጭሮ አሸዋው ላይ የሚያበጃት፣ የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ጎድጓዳ ቦታ ናት። አንዳንዴ ስብርባሪ ዛጎል ጣል ጣል ያደርግባታል። ሴቷ አንድ ቀን እየዘለለች ብዙውን ጊዜ አራት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ አባትና እናት እየተፈራረቁ አራት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንላለን። የፕሎቨር እንቁላል ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው። ጫጩቱ ከተፈለፈለ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ላባው ደርቆ፣ በራሱ እግር ሮጦ፣ የራሱን ምግብ መልቀም ይጀምራል። ሲወለድ 6 ግራም ገደማ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ አይሞላም። የተነደፈ ጥጥ በሁለት ስቴኪኒ ላይ የተተከለ ይመስላል። ለመብረር ግን ሌላ አራት ወይም አምስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ይህ ጊዜ ደግሞ እኛ ባህር ዳር የምንጎርፍበት ጊዜ ነው።

አገራችን ባህር ባይኖራትም ዘመዶቹ አሉን። ዝዋይና አብያታን በመሳሰሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚኖር ኪትሊትዝ ፕሎቨር የሚባል ወፍ አለ። ሰው ሲመጣበት ከእንቁላሉ ከመነሳቱ በፊት በእግሩ አፈር ይበትንበትና ይሸፍነዋል። ፓይፒንግ ፕሎቨር ይህን ብልሃት አያውቅም። እንቁላሉን ትቶ የሚሄደው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው።

ጉዳቱ የመርገጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጁላይ ፀሐይ ያ አሸዋ በባዶ እግር አያስረግጥም። ወላጆቹ ፈርተው ከተነሱና ሰው ከአጠገቡ አልሄድ ካለ፣ ማንም ሳይነካው እንቁላሉ እዚያው ይበስላል። የአትላንቲክ ዳርቻ ፕሎቨሮች እ.ኤ.አ. በ1986 በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ስር ሲገቡ የተቆጠሩት 790 ጥንድ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ2000 ጥንድ በላይ ናቸው። ይህን ለውጥ ካመጡት ነገሮች አንዱ አሁን የምነግራችሁ ሥራ ነው፤ ችካል፣ ሲባጎና አጠገቡ የቆመ ሰው።

ምዝገባው

በጋ ሲገባ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ፌብሩዋሪ ላይ መጠየቅ ጀምሩ። ወፎቹ ማርች ውስጥ ከፍሎሪዳና ከባሃማስ ተመልሰው ይደርሳሉ፤ ሥልጠናውም የሚሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። ዴላዌር ውስጥ ሥራውን የሚመራው የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት ክፍል ነው። ኒው ዮርክ ያላችሁ ሮካዌይ የባህር ዳርቻ ላይ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራ ኤንዋይሲ ፕሎቨር ፕሮጀክት የሚባል ማኅበር አላችሁ፤ ሰብዌይ ይዞ የሚኬድበት ቦታ ነው። ቦስተን አካባቢ ከሆናችሁ ማስ ኦዱቦን የሚባለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጠይቁ። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1986 ከ140 ጥንድ ያነሱ ነበሩ፣ አሁን ከ1000 በልጠዋል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ስትመዘገቡ አስተባባሪውን ፊት ለፊት ጠይቁ። በወር ስንት ሰዓት ይጠበቅብኛል? የት ነው የምቆመው? ችግር ሲመጣ ለማን ነው የምደውለው? ልጆቼን ይዤ መምጣት እችላለሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ አንድ ቅዳሜ ልጅ የሚይዝልኝ አጥቼ ተቸግሬያለሁ።

"እንግሊዝኛዬ አይበቃም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ይበቃል። ደጋግማችሁ የምትናገሩት ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ሁለት ቅዳሜ ከሠራችሁ በኋላ ሳታስቡት ይወጣላችኋል። ደግሞም ዳርቻው ላይ ስፓኒሽ፣ አረብኛና አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ሞልቷል። የራሱን ቋንቋ የሚናገር በጎ ፈቃደኛ ሲያገኝ ፊቱ ይፈታል።

አጥሩን ማሰር

ኬፕ ሄንሎፐን ላይ "ዘ ፖይንት" የሚባለው ሹል ጫፍ ከማርች 1 ጀምሮ ለሰው ይዘጋል። በሌሎች ዳርቻዎችም በዚያው ሰሞን አጥር ይታሰራል። የመጀመሪያ የሥራ ቀናችሁ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቦታውን በእግራችሁ ስለምታውቁት በኋላ ለሰው ለማስረዳት አይከብዳችሁም።

ወፍራም ጓንት ያዙ። ችካሉ በመዶሻ ይመታል፤ አሸዋ ስለሆነ ከምታስቡት በላይ ጠልቆ መግባት አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ንፋስ ይጥለዋል። ከችካል ችካል ሲባጎ ይወጠራል። በየመሃሉ ምልክቱ ይሰቀላል። አንዱ ቢመታ ሌላው ቢያስር ጥሩ ነው፤ ብቻችሁን አትሞክሩት። በፌዴራል መመሪያው መሠረት አንድ ጎጆ ሲገኝ ዙሪያውን 50 ሜትር ይከለላል። ቦታውን የሚወስኑት ግን ባለሙያዎቹ ናቸው። እናንተ በተባለው መስመር ላይ ነው የምትሠሩት። አንዳንድ ጎጆ ላይ የሽቦ ቅርጫት ይደፋበታል፤ ፕሎቨሩ በቀዳዳው ይገባል ይወጣል፣ ቀበሮ ግን አይገባም። እሱን የሚነካው ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው።

ይህ አጥር ማንንም በጉልበት አያስቆምም። አንድ ሲባጎ ነው። ልጅ በስሩ ያልፋል፣ ውሻ ይዘለዋል። ለዚህ ነው አጠገቡ ሰው የሚያስፈልገው።

የጥበቃው ቀን

ባርኔጣ፣ ሰንስክሪን፣ ከምታስቡት እጥፍ ውሃ፣ ባይኖኩላር፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ እስክሪብቶና ቅጽ። ቡና በቴርሞስ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ጎበዝ ናችሁ። ባርኔጣውን እንዳትረሱ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ስትደርሱ መጀመሪያ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ዙሩ። በእርጥቡ አሸዋ በኩል፣ ውሃው በሚደርስበት መስመር ሂዱ። የወደቀ ችካል አለ? ሲባጎ ተበጥሷል? ወደ ውስጥ የገባ የእግር ዱካ አለ? የቀበሮ ወይም የድመት ዱካ አለ? ያያችሁትን ጻፉ። ገብታችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ደውሉ።

ከዚያ የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ወንበሬን ከሲባጎው አጠገብ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አጥሩን አላለፍኩም፣ ስለዚህ ልክ ነኝ ብዬ ነው። አንድ ፕሎቨር ፊቴ ላይ ወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። ሮጥ ይላል፣ ይቆማል፣ "ፒፕ" ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ምግብ እየለቀመ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አያለሁ። ሥራውን ለዓመታት የሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት መጡና ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "እስክትነሺለት እየጠበቀ ነው" አሉኝ። ደነገጥኩ። ወንበሬን ይዤ አርባ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ወፉ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ላባውን ነፋ አድርጎ ተቀመጠ። ስንት ደቂቃ እንዳቆየሁት ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ ሲባጎው የት እንዳለ ብቻ አትዩ። ወፉን እዩት። ያለማቋረጥ የሚጮህ ከሆነ፣ ፊታችሁ የሚመላለስ ከሆነ፣ ቀርባችኋል ማለት ነው። ክንፉ እንደተሰበረ እየጎተተ አሸዋው ላይ የሚንፏቀቅ ከሆነ ደግሞ በጣም ቀርባችኋል። ክንፉ ምንም አልሆነም። እናንተን ከልጆቹ ለማራቅ ራሱን እያቀረበላችሁ ነው። አትከተሉት፣ ፎቶ አታንሱ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ።

ከሰው ጋር መነጋገር

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ ሰላምታ፣ ማሳየት፣ ማስረዳት፣ ከዚያ ሌላ መንገድ መስጠት ነው። ማስረዳቱን ያስቀደመ ሰው ጠብ ይገጥመዋል። "እዚህ መሄድ አይቻልም" ብሎ የሚጀምር በጎ ፈቃደኛ አይቻለሁ። ልክ ነው፣ አይቻልም፤ ነገር ግን የመጣው ሰው ከእሱ ጋር ሲሟገት ወፉን ሳያይ ይመለሳል።

በሦስት እግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ካላችሁ ወይም ከተሰጣችሁ ጎጆው ላይ አነጣጥሩና አቁሙት። ለልጅ ዝቅ አድርጉለት። አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው የእናንተን ንግግር አይፈልግም። ኳሱን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ራሱ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰውም የሚነግረው እሱ ነው።

አንድ እሁድ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ መጣ። ነጠላ የለበሱ ትልቅ እናት፣ ልጃቸውና ሦስት የልጅ ልጆች። ትንሹ ካይት ይዟል።

"እንደምን ዋሉ እማማ?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ፀሐይ ላይ?"

ወፍ እንደምጠብቅ ነገርኳቸው። ቴሌስኮፑን ዝቅ አደረግሁላቸው። ብዙ ከፈለጉ በኋላ አገኟት።

"ታዲያ ምነው ዛፍ ላይ ብትሠራ?"

ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ ከሩቅ የሚመጣውን ጠላት እንደምታይበት፣ ዘሯም ከጥንት ጀምሮ እንዲህ እንደኖረ፣ አዲስ መጤዎቹ እኛ እንደሆንን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ ልጆቹ ዞረው፣ "አራስ ቤት ነው ይሄ። ወዲያ ሂዱና ተጫወቱ" አሉ።

ልጆቹ ያለ አንዲት ጥያቄ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሐበሻ የምለው ይህንኑ ነው። አራስ ቤት ዘው ተብሎ እንደማይገባ፣ እንደማይጮህበት ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ካይቱን በተመለከተ፤ ፕሎቨር ከላይ የሚያንዣብበውን ከጭልፊት አይለይም። ካይት አጠገቡ ከተለቀቀ ከእንቁላሉ ይነሳል። መመሪያው ከጎጆው ክልል ቢያንስ 200 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ለልጅ "አትልቀቅ" ከማለት "እስከዚያ ግንብ ድረስ ብንሄድ ንፋሱ ይሻላል" ብላችሁ አብራችሁ ጥቂት ብትራመዱ ይሻላል።

የተረፈ እንጀራም አለ። ከእኛ ሰው ብዙው ምሳ ሲያበቃ የተረፈውን "ለወፍ" ብሎ ይበትናል። ከደግነት የመጣ ነው፤ ስለዚህ በደግነት ነው መነገር ያለበት። ያ እንጀራ ለፕሎቨር አይደርሰውም፤ እሱ የሚበላው ትንንሽ ትልና ነፍሳት ነው። እንጀራው የሚጠራው ቁራን፣ ጋል የሚባለውን ትልቁን የባህር ወፍ፣ ማታ ደግሞ ቀበሮንና ራኩንን ነው። እነዚህ ሁሉ እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። ፍርፋሪው በፌስታል ተቋጥሮ ወደ ቤት ይመለስ።

ከሁሉ የሚከብደው የውሻ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ውሻውን እንደ ልጁ ስለሚያየው የወቀሳችሁት ይመስለዋል። መጀመሪያ ስለ ውሻው ጠይቁ፤ ስሙ ማን ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው። ከዚያ "ወፏ የእርስዎ ውሻ ገር መሆኑን አታውቅም፤ ለእሷ ቀበሮ ነው" በሉት። አብዛኛው ሰው ወዲያው ያስራል። እምቢ ካለ አትከራከሩ፣ መንገድ አትዝጉ፣ በስልክ አትቅረጹት። እኛ የመቅጣት ሥልጣን የለንም። ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፣ ለሬንጀር (ለፓርኩ ጠባቂ) ደውሉ፣ ወደ ሚቀጥለው ሰው ዙሩ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ ያለው ጊዜ ነው። አጥሩ ከዚህ በኋላ በከፊል ነው የሚረዳችሁ፤ ምክንያቱም ጫጩቶቹ ምግባቸው ያለው እርጥቡ አሸዋና ባህሩ ተፍቶት የሄደው የባህር አረም ላይ ስለሆነ ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ይኸውም ሰው ወደሚሄድበት ማለት ነው። ያን አረም ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጠርጉት።

ጫጩት ሲፈራ አይሮጥም። ወላጁ ሲጮህለት ባለበት ድፍት ይላል። አንድ ጠዋት ባይኖኩላሬን አንስቼ አንዱን ስከተለው ድንገት ጠፋኝ። ብዙ ቆይቼ ነው ያገኘሁት። አንድ ሰው በባዶ እግሩ የረገጠው ዱካ ውስጥ፣ ተረከዙ የገባበት ጉድጓድ ስር ተኝቷል። ጀርባው ላይ የአሸዋ ፍሬ ነበር። የሚንቀሳቀሰው ዓይኑ ብቻ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች እያወሩ በዚያው መስመር ይመጣሉ። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩና በእጄ ወደ ውሃው አሳየኋቸው። እግራቸውን እያራሱ ዞረው አለፉ። ትንሽ ቆይቶ እናትየው "ፒፕ-ሎ" ስትል ከዱካው ወጥቶ ሄደ።

እንግዲህ በእነዚህ ሳምንታት ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። ጫጩቶቹ ያሉበትን አካባቢ ከሩቅ እያያችሁ፣ በሁለቱም በኩል የሚመጣውን ሰው ቀድማችሁ አግኙት። ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ጁላይ 4 እና የሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንድም ተጨማሪ ሰው ዋጋ አለው፤ አንድ ቀን ብቻ መስጠት የምትችሉ ከሆነ ያን ቀን ስጡ። ብቻውን የቆመ ጫጩት ብታዩ አታንሱት። ጠፍቶ አይደለም፤ ወላጁ እያየው ነው፣ እናንተ እስክትርቁ ነው የሚጠብቀው።

ሊስት ተርን የሚባለው ትንሽ ነጭ ወፍ በመንጋ ጎጆ የሚሠራበት ቦታ ከተመደባችሁ፣ የባርኔጣው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ተርን አይለማመጥም። ከላይ ተወርውሮ ወደ ራሳችሁ ይወርዳል፣ ኩሱንም ይለቅባችኋል። በጣም ቀረባችሁ ማለቱ ነው። ባርኔጣችሁን በእጃችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከፍ ያለውን ነው የሚመታው። በመጣችሁበት ተመለሱ።

ጎጆ ሲጠፋ

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ማዕበል መጥቶ የባህሩ ሙላት ከፍ ያለ ሌሊት ጎጆዎች ይወሰዳሉ። ጠዋት ትመጣላችሁ፤ አራት እንቁላል የነበረበት ቦታ ልሙጥ አሸዋ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ነገር ግን ወቅቱ ካልገፋ ፕሎቨሮቹ እንደገና ይጭራሉ፣ እንደገና ይጥላሉ። አስተባባሪያችሁን አነጋግሩ፣ የሆነውን ጻፉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ። አዲሱ ጎጆ ዘግይቶ ስለሚፈለፈል ሰው በሚበዛበት ኦገስት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይበልጥ የምታስፈልጉት ያኔ ነው።

ቅጹንና ፎቶውን በሚመለከት

ከመሄዳችሁ በፊት ቅጹን ሙሉ። ሰዓት፣ ያያችኋቸው ትልልቅ ወፎች ብዛት፣ የታቀፈ አለ ወይስ የለም፣ ጫጩት ስንት፣ ያነጋገራችሁት ሰው ስንት፣ ያልታሰረ ውሻ፣ የቁራና የቀበሮ ዱካ። እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ያደረጉለት ባለቀለም ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ፣ የትኛው እግር ላይ ምን ቀለም እንደሆነ ከላይ ወደ ታች ጻፉ። በዚያ ነው ወፉ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ የሚታወቀው። ያላያችሁትን በግምት አትጻፉ፤ "ዛሬ ምንም አላየሁም" ማለትም መረጃ ነው።

ጎጆ ያለበትን ቦታ ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ከሩቅ ቢነሳም ከጀርባው የሚታየው ግንብ ቦታውን ይናገራል፤ በሚቀጥለው ቀን ካሜራ የያዘ ሰው ሲባጎው ስር ሲገባ ታገኙታላችሁ።

እስከ ኦገስት መጨረሻ ወፎቹ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። የኬፕ ሄንሎፐኑ ዘ ፖይንት በውቅያኖሱ በኩል ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፤ በቤዩ (በባሕረ ሰላጤው) በኩል ያለው ለሚያልፉት ስደተኛ ወፎች ሲባል እስከ ኦክቶበር 1 ይቆያል። የመጨረሻው ሥራ አጥሩን መፍታት ነው። ሲባጎው በኳስ መልክ ይጠቀለላል፤ ቁራጭ እንኳ አሸዋው ላይ አይቀርም፣ የወፍ እግር ያስራልና። ችካሎቹ ተቆጥረው መኪና ላይ ይጫናሉ። የዚያን ቀን ለሚቀጥለው ዓመት ስማችሁን እዚያው አስመዝግባችሁ ሂዱ፤ ማርች ላይ የሚደውልላችሁ ሰው እንዲኖር።